አርባው ሰከንድ የማን ነበር

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር የምትመለሰው ጀልባ ላይ ነበርሁ። አባቴ ቤት ስሄድ ስልኬን የማጥፋት ልማድ አለኝ፤ ጀልባዋ ዳሩን ስትለቅ ነው የምከፍተው። የዚያን ቀን እንደ ከፈትሁት መልእክቶች ተከታትለው ገቡ። አንደኛው ከአለቃዬ ከአቶ ጌትነት ነበር።

‹‹ትርንጎ፣ የሰይድን ጉዳይ ጨርሰናል። ሐሙስ ሦስት ሰዓት የስንብት ደብዳቤው ይሰጠዋል። ዓርብ ዕለት የሰጠሽው ቃል ረድቶናል፤ እናመሰግናለን። ለጊዜው በአንቺ ዘንድ ይቆይ።››

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። አጠገቤ ሎሚ በዘንቢል ይዘው የተቀመጡ እናት ፊቴን አይተው፣ ‹‹ምነው ልጄ፣ ሰው ታመመብሽ?›› አሉኝ።

‹‹ኧረ ደኅና ነው እማማ። የሥራ ነገር ነው።››

ውሸት አልነበረም። በዚያ ሳምንት ከአፌ አንድም ውሸት አልወጣም። ነገሩን እስከ ዛሬ የማልረሳውም ለዚሁ ነው።

አሁን ይህን የምጽፈው ከጅግጅጋ ነው፤ ከሐይቁ ሩቅ፣ ሰው ሁሉ ‹‹ከየት ነሽ?›› ብሎ በሚጠይቀኝ ከተማ። ያን ጊዜ ግን ዓባይ ማዶ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ሹም አቦ ሰፈር ካለች ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ኮድ እጽፍ ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓልና የአጽዋማትን አቆጣጠር ያስተምራሉ። ከተማሪዎቻቸው መካከል ስላደግሁ እኔም እንደ እነሱ የኔታ ነው የምላቸው። ጥንቃቄን የተማርሁት ከእሳቸው ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ‹‹ትርንጎ ያላረጋገጠችውን አትናገርም›› ይባልልኝ ነበር፤ ደስ ይለኝም ነበር።

ድርጅታችን በሐይቁ ዳርና በደሴቶቹ ላሉ ጤና ጣቢያዎች የቀጠሮ ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ነፍሰ ጡሯ ስትመጣ ነርሷ ስሟን ታወጣለች፣ ፕሮግራሙ ቀጣዩን ቀን ይሰጣል። ታዲያ የእኛ አገር ሰው በበዓል ቀን ብትቀጥሩት አይመጣም፤ ስለዚህ ፕሮግራሙ በዓላቱን እየዘለለ ነው የሚቀጥረው። ያችን በዓል የምትዘልል ቁራጭ የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። ከእኔ የተሻለ ማን ያውቀዋል ብለው ሰጡኝ።

ፕሮግራሙ የሚሠራው ኮንቴይነር ውስጥ ነው። ለማታውቁት፣ ኮንቴይነር ማለት አንድ ፕሮግራም ከነስንቁ የታሸገበት ሣጥን እንደ ማለት ነው። ሲበላሽ አይጠገንም፤ ይጣልና ከዚያው ቅጂ አዲስ ይነሣል። ሣጥኖቹን የሚያሽገው ሰይድ ነበር። ሰይድ የወረታ ልጅ ነው፤ ቤተሰቦቹ ሩዝ ነጋዴዎች ናቸው። በስምንት ዓመት ስለምበልጠው እትየ ይለኛል።

ከወር ገደማ ወዲህ ግን በየጠዋቱ፣ ጤና ጣቢያዎቹ ሥራ በሚጀምሩበት በሦስት ሰዓት፣ የቀጠሮው ገጽ ለመከፈት አርባ ሰከንድ ይፈጅ ጀመር። አርባ ሰከንድ ለአንድ ሰው ምንም አይደለም። ለሃምሳ ሰው ስታደርጉት ግን ጀልባው ይሄዳል። ከአንዱ ደሴት ጤና ጣቢያ ሲስተር ማሬ ደውላ፣ ‹‹ትርንጎዬ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ከፊቴ ተቀምጣ ስሟ ሳይወጣ ጀልባው ጥሏት ሄደ። ዛሬ የት ላሳድራት?›› ያለችኝ ዓርብ ጠዋት ነው። ስብሰባው የተጠራውም በዚያው ቀን ነው።

ስምንት ሰው ነበርን። አቶ ጌትነት፣ የጤና ጣቢያዎቹ አስተባባሪ ወይዘሮ እናኑ፣ አራት ከየጽሕፈት ቤቱ የመጡ ሰዎች፣ ሰይድና እኔ። አንድ ሰዓት ሙሉ ክርክር ሆነ። በመጨረሻ ወይዘሮ እናኑ ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ ‹‹እስቲ ይቺን ልጅ እንጠይቃት። ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?›› አሉ።

‹‹ሰይድ ኮንቴይነሮቹን ከለወጠ ማግስት ጀምሮ ነው›› አልሁ።

ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ። የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር። እኔ ግን የማውቀው ያንኑ ብቻ ነበርና ዝም አልሁ። አቶ ጌትነት ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት።

ጀልባዋ ባሕር ዳር ስትደርስ በአእምሮዬ የሚመላለሰው ሰይድ ያየኝ ያ አስተያየት ነበር። ለአንድ ሰዓት ስንከራከር ከስምንታችን አንድም ሰው ‹‹እስቲ እንለካው›› አላለም። ሐሙስ እስኪደርስ የቀሩኝ ሁለት ጠዋቶች ነበሩ።

ማክሰኞ ሁለት ሰዓት ቢሮ ገባሁ። ሰይድ ኮምፒዩተሩን ሳይከፍት ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በመስኮት ያያል።

‹‹እትየ፣ ደኅና አደርሽ? የኔታ እንዴት ናቸው?››

‹‹ይመስገን፣ ደኅና ናቸው። ሰይድ፣ ፕሮግራሙን ፕሮፋይል ላደርገው ነው። እርዳኝ።››

‹‹ሰርቨሩን እንዳልነካ ታዝዣለሁ።››

‹‹አውቃለሁ።››

‹‹እና በምን ልርዳሽ? ዱዓ ላድርግልሽ?››

‹‹አንተ በአፍህ ትነግረኛለህ፣ እኔ እጽፋለሁ።››

ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ሁለት እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ከተታቸውና፣ ‹‹አቶ ጌትነት ቢመጡ እጄ የት እንደ ነበር መስክሪልኝ›› አለ። እየቀለደ ነው። መስክሪልኝ ሲል ግን ዓርብ የሰጠሁት ቃል ትዝ አለኝና ወደ ስክሪኑ ዞርሁ።

ፕሮፋይል ማድረግ ማለት ፕሮግራሙ ሥራውን ሳያቆም፣ በየሰከንዱ መቶ ጊዜ ‹‹አሁን ምን ላይ ነህ?›› እያሉ መልሱን መመዝገብ ነው። ብዙ ጊዜ የተገኘበት ሥራ፣ ጊዜውን የበላው እሱ ነው። ሐሜት የለበትም። ፕሮግራሙ ለተጻፈበት ቋንቋ፣ ለፓይተን፣ የተዘጋጀ እንዲህ ያለ መለኪያ አለ። ሣጥኑ ውስጥ አስገባሁትና አስነሣሁት። ወዲያው አንድ መስመር መለሰልኝ፤ አልተፈቀደም።

‹‹ምን አደረግሁ?››

‹‹አንቺ ምንም። እኔ ነኝ›› አለ ሰይድ። ‹‹አንዱ ፕሮግራም የሌላውን ሆድ ዕቃ እንዳያይ ከልክያለሁ። መለኪያሽም ለእሱ ሌባ ነው። ሣጥኑ ሲነሣ አንድ ፈቃድ እንጨምርለታለን፤ ጻፊ።›› ፊደል በፊደል ነገረኝ። ‹‹ለሁለት ቀን ብቻ ነው። ስትጨርሺ ትዘጊዋለሽ። ወላሂ በይ።››

‹‹አልምልም።››

‹‹እንደማትምይ አውቄ እኮ ነው።››

‹‹እዘጋዋለሁ ካልሁ እዘጋዋለሁ።››

‹‹እሱስ ከመሐላ ይበልጣል›› ብሎ ሳቀ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ጤና ጣቢያዎቹ አንድ በአንድ ገቡ። መለኪያው መቁጠር ጀመረ። ሁለታችንም ቁጥሩን እናያለን። በሰባተኛው ደቂቃ ላይ ስክሪኑ ቆመ። ለሣጥኑ የተመደበለት የማስታወሻ ቦታ፣ ሜሞሪ የሚሉት፣ መለኪያው ሲጨመርበት ሞልቶ፣ ሰርቨሩ ሣጥኑን ገደለውና አዲስ አስነሣ።

‹‹መዝገቡን የት ነበር ያስቀመጥሽው?››

‹‹እዚያው ውስጥ።››

ሰይድ ዐይኑን ጨፈነ። ‹‹እንግዲያው ሄዷል። ሣጥን ሲጣል ውስጡ የተጻፈውም አብሮ ነው የሚጣለው፣ እትየ። የሚቆይ ነገር ከውጭ ነው የሚጻፍ።››

ገጹ የሚዘገየው ጠዋት ብቻ፣ ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ ሲገባ ስለሆነ፣ ያለን ዕድል ረቡዕ ብቻ ሆነ።

ያን ቀን የዋልሁበትን አላውቀውም። አንድ መስመር ጽፌ እነሣለሁ፣ መስኮት ደርሼ እመለሳለሁ። ሰይድ ምሳውን ይዞ መጥቶ፣ ከፍሎ ሊሰጠኝ የነበረውን የእንቁላል ወጥ የጾም ቀኔ መስሎት ወደ ራሱ ሲመልስ፣ ቀኑ ማክሰኞ እንጂ ጾም አለመሆኑን እንኳ አልነገርሁትም። ደብዳቤውን ልነግረው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትሁ። ‹‹በአንቺ ዘንድ ይቆይ›› ተብያለሁ፤ አደራ ነው እያልሁ ዘጋሁት። ከሥራ ስወጣ ባጃጅ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝና ድልድዩን በእግሬ ተሻገርሁ። የሠርክ ጸሎቴን ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም መካከሉ ላይ ጠፋብኝ።

ረቡዕ ጠዋት መዝገቡ ከሣጥኑ ውጭ እንዲጻፍ አደረግን። የማስታወሻ ቦታውንም ጨመርንለት። ሰይድ እጆቹን ከጭኖቹ ሥር እንደ ከተተ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ጀመርን፤ አምስት ደቂቃ፣ ሰባት፣ ስምንት። በዐሥረኛው ደቂቃ ላይ አቆምሁት። መዝገቡ ከውጭ ተቀምጧል። ነገር ግን ፋይሉን ከሰርቨሩ ሳናወርድ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ የተመለሰው ወደ ስድስት ሰዓት ነው። ሰይድ ‹‹ዙሁር ሰግጄ ልምጣ፣ እስከዚያ ክፈችው›› ብሎ ወጣ።

ስለዚህ ሥዕሉን የከፈትሁት ብቻዬን ነው።

መለኪያው መዝገቡን በሥዕል ነው የሚያሳይ። እያንዳንዱ ሥራ አንድ አግዳሚ ንጣፍ አለው፤ ብዙ ጊዜ የወሰደ ይሰፋል፣ ጥቂት የወሰደ እንደ ክር ይቀጥናል። የዳታቤዙ ንጣፍ ይሰፋል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ክር ነው። የኔትወርኩም ክር ነው። አንድ ንጣፍ ግን ከዳር እስከ ዳር ሥዕሉን ሸፍኖታል። ላዩ ላይ ‹‹በዓል_ነው_ወይ›› ይላል። ከዚያ በላይ፣ በዚያው ስፋት፣ ‹‹ከፍጥረት_ቁጠር››።

በአማርኛ ፊደል ስም የምሰጥ ከመሥሪያ ቤቱ እኔ ብቻ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፋሲካን ቀን ለማግኘት ቀመር አለ። እኔ ግን ቀመሩን ብቻ ማመን አልፈለግሁም። ልጅ ሳለሁ የኔታ ከአዳም ጀምረው ዓመት በዓመት ሲያስቆጥሩን ትዝ ይለኝ ነበርና፣ ፕሮግራሙንም እንዲሁ ከፍጥረት ጀምሮ ሰባት ሺህ ከምናምን ዓመት እያስቆጠርሁ ከቀመሩ ጋር አስማማሁት። ረጅም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ከቆጠረ በኋላ ውጤቱን ፋይል ላይ ጽፎ ሁልጊዜ ከዚያ እንዲያነብብ አድርጌ ነበር። በእኔ ላፕቶፕ ላይ ዐይን ሳይርገበገብ ነው የሚከፈተው።

ሰይድ ለደኅንነት ብሎ፣ ማክሰኞ መለኪያው ከጻፈባት ከአንዲት ጊዜያዊ ቦታ በቀር፣ ፕሮግራሙ ሣጥኑ ውስጥ እንዳይጽፍ ከለከለ። ትክክል ነው የሠራው። ከዚያን ቀን ጀምሮ የእኔ ፋይል ሊጻፍ አልቻለም። ፕሮግራሙ መጻፍ ስላልቻለ ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር፣ ለእያንዳንዱ ቀን፣ እንደገና ከአዳም ይቆጥራል።

ታዲያ መጻፍ ሲያቅተው ለምን አልጮኸም? ኮዱን ከፈትሁት። መልሱ በራሴ እጅ ተጽፎ ቆየኝ፤ ‹‹መጻፍ ካልተቻለ ዝም ብለህ እለፍ።›› ሥራው እንዳይሰናከል ብዬ፣ ተጠንቅቄ ያስገባኋት መስመር ናት። መጻፍ አለመቻሉን ተናግራ ቢሆን ሰይድ በዚያው ቀን ያገኘው ነበር።

እንግዲህ እውነቱን ልጻፍ። መጀመሪያ የተሰማኝ ጸጸት አይደለም። ይህን ሥዕል ማንበብ የምንችለው ሁለት ሰዎች ነን፤ አንዱ መስጊድ ነው። ‹‹ከሰይድ ለውጥ በኋላ ነው›› ያልሁት ቃል ደግሞ አሁንም እውነት ነው፤ ፊደሉ አልተነካም። ኮዴን ዝም ብዬ ባስተካክለው ነገ ጠዋት ገጹ ይፈጥናል፣ ሁሉም ይረሳዋል፣ እኔም ያላረጋገጠችውን የማትናገረዋ ትርንጎ ሆኜ እቀራለሁ። ይህን ሁሉ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ፣ ማዕተቤን በጣቴ እየጠቀለልሁ አሰብሁት። ከዚያ ስልኬን አንሥቼ ዘጌ ደወልሁ።

‹‹የኔታ፣ ለፋሲካ ማውጫ የዘንድሮን አበቅቴ ለማወቅ ከመጀመሪያው ዓመት ነው የሚነሣው?››

‹‹ምነው፣ ረሳሽው እንዴ? ዓመተ ዓለሙን ይዘሽ ለዐሥራ ዘጠኝ ማካፈል ነው፤ ከተረፈው አንድ ቀንሰሽ በዐሥራ አንድ አብዝተሽ ለሠላሳ መግደፍ።››

‹‹እኛን ከአዳም ጀምረው ያስቆጥሩን አልነበር?››

‹‹ተማሪ መንገዱ እንዲገባው አንድ ጊዜ እናስቆጥረዋለን እንጂ፣ በየዕለቱ ከአዳም የሚነሣ ማን አለ?›› ይስቁ ጀመር። ‹‹ማን ነው እንዲህ ያደረገ?››

‹‹እኔ ነኝ። በሥራዬ ላይ።››

ሳቃቸውን አቆሙ። ‹‹ሰው ጎዳ?››

‹‹አዎ፣ የኔታ።››

‹‹እንግዲያው ከእኔ ጋር ምን ታወሪያለሽ?›› ብለው ስልኩን ዘጉት።

ሰይድ ሲመለስ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞርሁለት። ቆሞ አነበበው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እንደገና አነበበው።

‹‹ከፍጥረት ቁጠር›› አለ። ‹‹ይሄ ምንድን ነው?››

ነገርሁት። ፋይሉንም፣ ዝም በል ያልሁትንም መስመር አሳየሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተተ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥሁ። እየሳቀ ነበር።

‹‹አንዲት ነፍሰ ጡር ለመቅጠር ከአዳም ጀምረሽ? እትየ፣ ኖኅም ጋ ደርሰሽ ነዋ! ሲስተር ማሬ ጀልባ ቀረ ስትል የትኛው ጀልባ እንደሆነ አሁን ገባኝ።››

እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። ሳቁ ሳይበርድ ግን መናገር ነበረብኝ።

‹‹ሰይድ፣ ነገ ሦስት ሰዓት የስንብት ደብዳቤ ሊሰጡህ ነው። እኔ ዓርብ በተናገርሁት ነው።››

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ‹‹መቼ ነው የሰማሽው?››

‹‹ሰኞ።››

‹‹ዛሬ ረቡዕ ነው።››

‹‹አዎ።››

‹‹ሁለት ቀን አጠገቤ ተቀምጠሽ?››

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይኸ ነው፤ ኮዱ አይደለም። አደራ ብዬ የጠራሁት ነገር ያችው መስመር ነበረች፤ ዝም ብለህ እለፍ።

ሰይድ ወደ ስክሪኑ ዞሮ፣ ‹‹ፈቃዷን ዝጊያት›› አለኝ። ‹‹መለኪያው ጨርሷል። እዘጋዋለሁ ብለሽኛል።›› ዘጋኋት። ከሰዓት በኋላ በዓላቱ ሣጥኑ በሚታሸግበት ጊዜ አንዴ ብቻ በቀመሩ ተሰልተው አብረው እንዲታሸጉ አደረግሁ። ዝም የምትለዋንም መስመር አወጣኋት። ሰይድ ፊደል በፊደል አረመኝ እንጂ ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገረም።

ሐሙስ ሁለት ሰዓት ተኩል ሥዕሉን አትሜ አቶ ጌትነት ክፍል ገባሁ። ሰይድ ከኋላዬ ነበር። ደብዳቤው በፖስታ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

‹‹ጋሽ ጌትነት፣ ዓርብ የነገርኋችሁ ግማሹን ነው። የዘገየው በእኔ ኮድ ነው›› አልኋቸው፤ ሁሉንም ነገርኋቸው።

ሥዕሉን ገልብጠው አዩት። ‹‹ግን ለውጡን ያደረገው እሱ አይደለም?››

‹‹ነው። በሩን መቆለፉ ትክክል ነው። በሩ ተቆልፏል ብሎ የሚጮኸውን አፍ የዘጋሁት እኔ ነኝ።››

‹‹አንቺ ደግሞ ነገር ታበዢያለሽ። ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ አጥፍታችኋል እንበላ።››

‹‹እሱ አላጠፋም፣ ጋሽ ጌትነት።››

ሦስት ሰዓት ሞልቶ ነበር። ስልኬ ጮኸ፤ ሲስተር ማሬ ናት። ድምፁን ለሁሉ ከፍቼ አነሣሁት። ‹‹ትርንጎዬ፣ ምን አደረጋችሁት? ጣቴን ሳላነሣ ተከፈተብኝ እኮ! እንዲያው ደንግጬ ነው የደወልሁ።››

አቶ ጌትነት ፖስታውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። ‹‹በቃ፣ አልቋል። ሰይድ፣ ወደ ሥራህ።››

‹‹የዓርቦቹን ሰዎች እንጥራቸውና በፊታቸው ልናገረው›› አልሁ።

‹‹ወይዘሮ እናኑ ለወገባቸው ዋንዛዬ ፍል ውኃ ሄደዋል። ሌሎቹም በየፊናቸው ናቸው። ስለዚህች ነገር ሰው አይሰበሰብም። ችግሩ ተፈትቷል አይደል?››

‹‹ተፈትቷል›› አልሁ። ሦስት ቀን እንቅልፍ ያጣ ሰው ‹‹በቃ›› ሲባል እንዴት ደስ እንደሚለው የሚያውቅ ያውቀዋል። እንደገና የማውቀውን ብቻ ተናግሬ ዝም አልሁ።

ሰይድ ከእኛ ጋር ጥቂት ወራት ቆየ። ከዚያ በሌላ መሥሪያ ቤት ሥራ ሊወዳደር ሄዶ ተመለሰ። ‹‹የጤና ጣቢያዎቹን ፕሮግራም ያበላሸኸው አንተ ነህ አሉኝ›› አለኝ እየሳቀ። ያን ጊዜ ግን ሳቁ ዐይኑ ጋ አልደረሰም። ሌላም ቦታ እንዲሁ ሆነ። በኋላ ወረታ አባቱ መደብር ገባ። ባለፈው ስደውልለት፣ ‹‹ሩዝ አይዘገይም፣ እትየ። ከአዳም ጀምረሽ ብትቆጥሪውም ያው ነው›› አለኝ። ይቅር ብሎኛል። እሱ ይቅር ማለቱ ግን ስሙን አይመልስለትም።

እናንተ ይህን የምታነብቡ፣ ኮድ ጻፋችሁም አልጻፋችሁም፣ ‹‹ከመቼ ጀምሮ ነው?›› ተብላችሁ ብትጠየቁ መልሱ በሰው ላይ የሚያርፍ መሆኑን ሳታዩ አትመልሱ። እኔ ዛሬ እንዲህ ስጠየቅ ቀኑን እናገርና፣ ‹‹ምክንያቱን ግን አላውቅም፣ አልለካሁትም›› ብዬ እጨምራለሁ። ሰይድ ያን ዓርብ ከዐይኔ ላይ ይፈልጋት የነበረችው ዓረፍተ ነገር እሷ ነበረች፤ አልጨመርኋትም። ከዚያ ወዲህ ዝም ብለህ እለፍ የሚል መስመርም በእጄ ጽፌ አላውቅም።

ጅግጅጋ ከመጣሁ በኋላ ነገሩን ለነፍስ አባቴ አጫወትኋቸው። እሳቸው የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ‹‹መጀመሪያ ስትናገሪ ስንት ሰው ነበር?››

‹‹ስምንት።››

‹‹ስትመልሺውስ?››

‹‹ሦስት።››

‹‹አምስቱስ?›› አሉኝ።

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ለአምስታችሁ ነው። ወይዘሮ እናኑ፣ ከመስኮቱ ሥር ተቀምጣችሁ የነበራችሁት ሁለታችሁ፣ በሩ አጠገብ የነበራችሁት ሁለታችሁም። ስብሰባው ያለቀ መስሏችሁ ሄዳችሁ፤ አላለቀም ነበር። አርባው ሰከንድ የእኔ ነው። ዓርብ ከእኔ ሰምታችሁ ለሌላ ሰው የነገራችሁ ካላችሁ፣ ለዚያው ሰው ተመልሳችሁ የቀረውን ንገሩልኝ፤ ስትነግሩትም የሰይድን ስም ከነገሩ አውጥታችሁ፣ የእኔን በቦታው ተኩ።